የይሉኝታ ሁለት ጣት

ባልና ሚስቱ ልብስ ሰፊዎች በሥራቸው አንድ ደንብ አላቸው። የትም አልተጻፈም፤ በአፍም ተነጋግረውበት አያውቁም። ባልየው ሜትሩን በደንበኛው ወገብ ዙሪያ ያዞርና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሚስትየው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሆና ትሰማለች። ታዲያ የሚጠራው ቁጥር ምንጊዜም ከእውነተኛው በሁለት ጣት፣ በአራት ሴንቲ ያህል፣ ያነሰ ነው። ደንበኛው በሰው ፊት "ዘጠና ስምንት!" ሲባል ሰምቶ እፎይ ብሎ ሆዱን ይለቃል፤ እሷ ደግሞ ጨርቁን ዘርግታ፣ ሁለት ጣት ጨምራ በጠመኔዋ ታሰምራለች። ባልየው በመስመሩ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች፣ ሱሪው ልክክ ይላል። "ሌላ ቦታ በዘጠና ስምንት ያሰፋሁት ትንፋሽ ያሳጥረኛል፤ የእናንተ እጅ ግን ይባረክ" ብሎ ይሄዳል ሰውየው። ባልና ሚስት እስኪወጣ ድረስ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ከተያዩ ሳቅ ያመልጣቸዋል።

ደንቡ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ሱቁን በከፈቱ ሰሞን አንድ ጅምላ ነጋዴ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ባልየው ያኔ ገና የደንበኛ ፊት ማንበብ አልተማረምና የለካውን እንዳለ ጠራው። ጓደኞቹ "ለካ ሆድ ካገር ይሰፋል የሚሉት እውነት ኖሯል!" ብለው ተንከተከቱ። ነጋዴው ውድ ጨርቁን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጥሎ እንደ ወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ወገቡ እውነቱን ለመስማት ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደማይመጣ ገባቸው። ሁለት ጣቷ የይሉኝታ ናት።

ሰፈርተኛው ባልየውን "ባለሜትሩ"፣ ሚስትየውን "ባለመኪናዋ" ይላቸዋል። አንዴ አዲስ ተከራይ ስሟን ሰምቶ "እትዬ፣ ዕቃዬን ላመላልስበት መኪናዎን ያከራዩኛል?" ቢላት፣ "ምን ከፋኝ፤ ግን እየረገጥክ ነው የምትነዳት፣ ከቦታዋም ንቅንቅ አትልም" አለችው። ይህን ቀልድ ባለሜትሩ ለስንቱ እንደ ነገረው! እሷ ራሷ ግን ቀልድ የሚቀናት ሰው አይደለችም። ፈሪ ናት። በር ሲንኳኳ "ማነው?" ከማለቷ በፊት እጇ ደረቷ ላይ ነው። ሩቅ ከተማ የምትሠራው አንድያ ልጃቸው ስልክ ሳትደውል ካደረች ምሳ አይወርድላትም። ባለሜትሩ ታዲያ "የኔ ሚስት የሰፈሩን ፍርሃት ሁሉ በኮንትራት ይዛ ነው፤ ለሌላው አላስተረፈችም" እያለ ያሾፍባታል።

የተገናኙት የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እሷ ከመኪኖቹ በአንዱ ላይ፣ እሱ ከቆራጮቹ ክፍል። ያኔ ሰውነቱ ከመቅጠኑ የተነሳ "መርፌው" ነበር የሚሉት። ለሥራ ካፖርቷ ሲለካት ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ጠራ። ቀሚሷን ራሷ ሰፍታ የምትለብስ ሴት ወገቧን አታጣውምና "ዋሸህ" አለችው በሹክሹክታ። "መቼ ዋሸሁ? ቀነስኩ እንጂ" አላት። በዚህች ቃል ተጀመረና ይኸው ልጅ አድርሰው፣ ከፋብሪካው ወጥተው፣ በአሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። አሳንሰር የለውም፤ ኪራዩም የረከሰላቸው ለዚያ ነው።

መርፌው ግን መርፌ ሆኖ አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ከጠረጴዛው እስከ መስተዋቱ ካልሆነ አይራመድም። ሥጋው ጮማ ካልሆነ፣ ድንቹ በዘይት ካልተጠበሰ ምግብ አይመስለውም። ጨው ሳይቀምስ ነው የሚነሰንሰው፤ ሻዩ ውስጥ ስኳሩ ከማንኪያው ጋር ይታገላል። ሐኪም አንድ ጊዜ "ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል" ብሎት መድኃኒት ሰጥቶት ነበር፤ ክኒኑ ሲያልቅ ግፊቱም አብሮ ያለቀ መስሎት ተወው። ሲጋራም "ትቻለሁ" ብሏታል። ሚስትየው ግን ሱፍ ጨርቅ ምስጢር እንደማይጠብቅ ታውቃለች። ኮቱን ስትተኩስ ከእንፋሎቱ ጋር የጭሱ ሽታ ይወጣል። "ለሜትሬ የምትሆን የውስጥ ኪስ ስፊልኝ" ብሎ ያሰፋት ኪስ ውስጥ ሜትር ገብቶ አያውቅም፤ ሜትሩ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ነው። የሱን ሱሪ ሲሰፉም ራሱን ራሱ ለክቶ ይጠራላታል፤ እሷም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሁለት ጣት ጨምራ ታሰምራለች። ዝም ትላለች። የሠላሳ ዓመት ደንብ አይደል?

ፍርሃቷ መልክ ያገኘው ታላቅ ወንድሙ የሞተ ዕለት ነው።

በባለሜትሩ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ኩራት አለ። "የኛ ቤት ሰው አይታመምም፤ ቀኑ ሲደርስ ብቻ ይሄዳል" ይላሉ። አባቱ በአምሳ አንድ ዓመታቸው ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ማንኪያቸውን እንደ ያዙ ነው ያለፉት። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በአምሳ አራቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መስኮቱን ተደግፎ ቀረ። ጎኑ የተቀመጠች ሴት የተኛ መስሏት ትከሻዋን አስደግፋው ሄደች አሉ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ረዳቱ "ወራጅ አለ፣ ወራጅ!" እያለ ትከሻውን ሲነካው ነው የታወቀው። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ምን ዓይነት የታደለ አሟሟት ነው! ሳይንገላታ፣ ሰው ሳያንገላታ" ይላል። ባለመኪናዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏን አየችው። አምሳ አምስት ሊደፍን ነው። የወንድሙን የሚመስል አንገት፣ የወንድሙን የሚመስል ቦርጭ፤ አቀማመጡ እንኳ መስኮት እንደ ተደገፈ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያልታየው ይታያት ጀመር።

በመጀመሪያ ያስተዋለችው ሰላምታውን ነው። ባለሜትሩ ድሮ ደረጃውን ሲወጣ ጥቅል ጨርቅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ለጎረቤት በአገጩ ሰላም ብሎ የሚያልፍ ነበር። አሁን አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሞ የፎቶ ቤቱን ሴትዮ ስለ ልጆቿ ይጠይቃል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ሰዓት ጠጋኙን ስለ ጉልበቱ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ "ባለሜትሩ እኮ ከወንድሙ ሞት በኋላ እንዴት ያለ ትሁት ሆነ!" ይል ጀመር። እሷ ግን ከኋላው ስትወጣ ጆሮዋ ሌላ ነገር ይሰማል፤ "እንዴት ዋላችሁ" በሚለው መሃል ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እጁም የደረጃውን ብረት እንደ ሰው አንገት አንቆ ይዟል።

ሁለተኛው ነገር የሱቅ መስኮት ነው። ከቤታቸው ወደ ሱቁ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ባለሜትሩ የልብስ መሸጫ መስኮት ባየ ቁጥር ቆም ብሎ "ይቺን ኮት እይማ፣ ትከሻዋ ተጣሟል" ይላል። ይሁን፣ ሥራው ነው። አንድ ቀን ግን እሷ ወደ ኋላ ቀርታ ከሩቅ ስታየው፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በሚሸጥበት መስኮት ፊት ቆሟል። ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረው። ቧንቧ! የቧንቧ ምኑ ተጣሞ ነው የሚያየው? ስትደርስበት በመዳፉ ደረቱን እንደ ጨርቅ እያሻሸ ነበር። ፈጥኖ እጁን አወረደ።

"ምን ሆንክ?"

"ምን ሆንኩ? ጨጓራዬ ናት። ጠዋት ያን ድንች አብዝቼ።"

"ድንቹ መንገጭላህን ምን አደረገው? ትናንት መንገጭላህን ይዘህ አልነበር?"

"ጥርሴ ነዋ! አንቺ ሴት፣ ጥርስና ጨጓራ ያለው ሰው ሁሉ ይሞታል ያለሽ ማነው? ነይ፣ ደንበኛ ይጠብቀናል።"

ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው ሳቀባት። ብትለምነው ተቆጣ። ብታለቅስ "እኔ ሳልሞት እዬዬ የምትይ ከሆነ፣ ስሞት ምን ሊተርፍሽ ነው?" አላት። እሷም ዝም አለች፤ ፍርሃቷ ግን ዝም አላለም።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ በጆሮ ሆነ። ከመጋረጃው ወዲያ መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል፣ እሷም መርገጫውን ትረግጣለች። መቀሱ ቀጥ ሲል እግሯ ከመርገጫው ላይ ይነሳል። ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። ወንበር ሲንሸራተት፣ ሳል ሲሰማ፣ ወይም መቀሱ መልሶ ቀጭ ሲል ነፍሷ ትመለሳለች። በዚህ ምክንያት ስፌቷ ተበላሸ። ሠላሳ ዓመት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የሄደ ስፌት፣ አሁን በየመካከሉ የቆመችበት ቦታ ይታያል። አንድ ደንበኛ እጀታውን ገልብጦ አይቶ "እትዬ፣ መኪናዋ አረጀች መሰለኝ" አላት። "አዎ ልጄ፣ ትደናቀፋለች" አለችው።

ነገሩ የፈነዳው ዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ሊለካ የመጣ ዕለት ነው።

ዳቦ ጋጋሪው የሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሁሉ የሚሸተው በሱ ነው። ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ምላሱ ስለታም፤ የባለሜትሩ የቅርብ ወዳጅ ነው። የወገቡን ቁጥር ደግሞ እንደ ማዕረግ ነው የሚያየው፤ "መቶ አራት" ነው፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ መቶ አራት።

"በል እስቲ ባለሜትሩ፣ ዛሬ እንኳ ከሳህ በለኝና ባለቤቴ ትስማ" አለ እጁን ዘርግቶ።

ሜትሩ ሲዞር የሚሰጠውን ድምፅ ባለመኪናዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሰማች። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። እግሯ ከመርገጫው ላይ ተነሳ።

"መቶ ስምንት" አለ ባለሜትሩ።

ጮክ ብሎ አልጠራውም፤ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ድምፅ ነበር። ጠመኔው በእጇ እንዳለ ደረቀች። መቶ ስምንት! እውነተኛው ቁጥር ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ በትኩሳት ሲቃጠል እንኳ፣ የእናቱን መርዶ በሰማ ማግስት እንኳ ያልረሳትን ሁለት ጣት ረሳት። ሰው ይሉኝታውን የሚረሳው ምን ሲይዘው ነው?

"ምን አልክ?" ጮኸ ዳቦ ጋጋሪው። "ባለፈው መቶ አራት አልነበርኩም? ወይስ ሜትርህን አይጥ በላው?"

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ባለሜትሩ አንድ እጁን የዳቦ ጋጋሪው ትከሻ ላይ አድርጓል፤ ለሚያየው ሰው ትከሻ እየለካ ይመስላል። ፊቱ አመድ መስሏል። ግንባሩ ላይ ላቡ ተንቆርዝዟል፤ ሜትሩ ከእጁ ወድቆ መሬት ላይ ተጥመልምሏል።

"ያዘው!" አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። "ወንድሜ፣ እንዳይወድቅ ያዘው!"

ዳቦ ጋጋሪው ለቀልድ የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ ያዘው። ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ቀለሙም መለስ አለ። ቀለሙ ሲመለስ ደግሞ ግትርነቱ አብሮ ተመለሰ።

"አለፈ እኮ! ጨጓራ ነው ስላችሁ። ውኃ ስጡኝና ሥራችንን እንቀጥል።"

"ተነስ" አለው ዳቦ ጋጋሪው። "መቶ ስምንት ብለህ አዋርደኸኝ ዝም ብዬ የምለቅህ መሰለህ? ሐኪም ቤት ወስጄ አስመስክርብሃለሁ።"

በዳቦ ማመላለሻው መኪና ነው የሄዱት። ሦስቱም ፊት ተጣበው ተቀመጡ፤ ከኋላ ያልወረደው ትኩስ ዳቦ ይሸታል። መኪናው ባዘገመ ቁጥር ባለሜትሩ "በቃ ለቀቀኝ፣ እንመለስ" ይላል። እሷ መሃል ተቀምጣ የሱን እጅ ይዛለች። እጁ ቀዝቃዛ ነው። በመስኮቱ በኩል እንዳይደገፍ ደጋግማ ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ለምን እንደምትስበው አልነገረችውም።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ነርስ ተቀበለቻቸው። ግፊቱን ለካች፤ ከፍ ብሏል። "ሐኪም ቤት ስገባ እደነግጣለሁ፣ ለዚያ ነው" አላት። የልብ ምት ለሚያነብበው ለኢሲጂ መሣሪያ ደረቱ ላይ ገመዶች ለጣጥፋ ወረቀቱን አወጣች። ከዚያ ሜትር አወጣች፤ ወገቡን ልትለካ። ባለሜትሩ የሜትሩን ጫፍ ከእጇ ተቀበላት።

"ስጪኝ ልጄ፣ እኔው ላግዝሽ። እንጀራዬ ነው።"

ራሱ አዞረው፣ ሆዱን ሳብ አደረገ፣ በሱቅ ድምፁ ጠራ፦ "መቶ ሁለት!"

ነርሷም መቶ ሁለት ብላ ጻፈች። ጥግ የተቀመጠችው ባለመኪናዋ ሳታስበው በልቧ "መቶ ስድስት" አለች። ወዲያው ገባት። ባሏ ደህና ነኝ ሊል ነው። ሁሉንም ነገር ሁለት ጣት ቀንሶ ሊጠራው ነው።

እንደ ፈራችውም ሆነ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በትዕግሥት፣ በአክብሮት ትጠይቃለች።

"አባቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"ትቼዋለሁ።"

"ከተዉ ቆዩ?"

"ቆየት ብሏል እንጂ።"

የውስጥ ኪሱ ውስጥ ፓኬቱ ጎብጦ ይታያል። የሰፋችው እሷ ናት፤ ቅርጹን ታውቀዋለች።

"ሕመሙ ደረጃ ሲወጡ፣ ዳገት ሲሄዱ ይብስብዎታል?"

"ደረጃስ ይህን ያህል የለብኝ። ከምግብ በኋላ ነው፤ ቃር ቢጤ።"

"ከቤተሰብዎ በልብ ሕመም፣ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

"የኛ ቤት ሰው ዕድሜ ጠግቦ፣ ሳይታመም ነው የሚሄደው" አለና ፈገግ አለ። "ወንዶቹ በተለይ።"

ሐኪሟም ፈገግ አለች። ምን ታድርግ? የጠየቀችው ሁሉ መልስ አግኝቷል። የኢሲጂውን ወረቀት አነሳችና "ለጊዜው እዚህ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አላይም። ግፊቱን እንከታተለዋለን፤ ለስኳርና ለኮሌስትሮል የደም ምርመራ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ። እስከዚያው ለጨጓራዎ የሚሆን እጽፍልዎታለሁ" አለች። እስክሪብቶዋን አነሳች።

በሚቀጥለው ሳምንት። ባለመኪናዋ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እያየች ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከተናገረች ባሏን ባዕድ ሰው ፊት፣ በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት ፊት ልብሱን ማስወለቋ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን "አይደለም" ብላው አታውቅም። ጅምላ ነጋዴው ጨርቁን ጥሎ እንደ ሄደው፣ እሱም በሩን ገፍቶ ቢወጣስ? ደረጃ አለ፤ ዳገት አለ። በቁጣ እየወጣ እዚያው ቢቀርስ? ዝም ካለችስ? ዝም ካለች ነገ ጠዋት ወደ ሱቅ ይሄዳሉ። የቧንቧው መስኮት ፊት ይቆማል። ወይም በአውቶቡስ እንሂድ ትለዋለች፤ አጠገቧ ይቀመጣል፤ መስኮቱን ይደገፋል። ረዳቱ "ወራጅ አለ" ይላል።

ብድግ አለች። ከሷ ይወጣል ብላ ባላሰበችው ድምፅ፣ ባሏ ሱቅ ውስጥ እንደሚጠራው፣ ጮክ ብላ ጠራች፦

"ወገብ፣ መቶ ስድስት!"

ሐኪሟ ቀና አለች። ባለሜትሩ ዞረ። እሷ ሁለቱንም አላየችም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው።

"ሲጋራ፣ በቀን ግማሽ ፓኬት። በኋላ በር ደረጃ ላይ። የግፊት መድኃኒት፣ ጀምሮ ተወ። ሱቃችን ሦስተኛ ፎቅ፤ በየፎቁ ቆሞ ሰው ሰላም እያለ ነው የሚወጣው። መንገድ ላይ በየመስኮቱ ይቆማል፤ መንገጭላውን ይይዛል። አባቱ፣ በአምሳ አንድ፣ ማንኪያ እንደ ያዙ። ታላቅ ወንድሙ፣ በአምሳ አራት፣ አውቶቡስ ውስጥ።" እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። "እሱ አምሳ አምስት ሊሞላው ነው፣ ልጄ።"

በር ላይ የቆመው ዳቦ ጋጋሪ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀልድ ግን አልመጣለትም። ይኸ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት፤ ያ ሰው ቀልድ አጥቶ አታውቅም።

"አንቺ ሴት…" አለ ባለሜትሩ። ከዚያ ቆመ። ጫማውን ያይ ጀመር። ጆሮው ቀልቷል። አሁን ተነስቶ ይወጣል ብላ በሩን አየች።

አልተነሳም። ቀስ ብሎ፣ ለጫማው እንደሚናገር ሰው፣ በሱቃቸው አንድም ቀን ተጠርታ የማታውቀዋን ቃል ጠራት።

"ሁለት ጣት ጨምሪበት።"

"ምኑን?" አለች ሐኪሟ ግራ ተጋብታ።

"ወገቡን። መቶ አሥር ነው። ለሷም ቀንሼባት ነው።" ላቡን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ሲጋራውም ሙሉ ፓኬት ነው።"

ባለመኪናዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ለካ ለሷም! ለራሷም እንደ ደንበኛ!

"ሌላም አለ" አለ። አሁን ሚስቱን አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ነገር ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። ያ በሚስቱ ፍርሃት ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ የኖረው ሰው ፈርቷል። "ዛሬ ጠዋት አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ሳጠልቅ መጣብኝ። ደረጃ አልወጣሁ፣ ምን አልሠራሁ። ቁጭ ብዬ። ትናንትም እንደዚሁ። እሷ እንዳትደነግጥ ብዬ…"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የጨጓራ መድኃኒት የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። "አባቴ፣ ከአሁን ጀምሮ ከዚህ ወንበር እንዳይነሱ" አለች፤ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ እንቅስቃሴዋ ግን ተለውጧል። "ቁጭ ብለው እያሉ የሚመጣ ሕመም ሌላ ነው።" የሚታኘክ ክኒን ሰጠችው፤ ነርሷን ጠራች፤ ስልክ አነሳች። ባለጎማ ወንበር መጣ። ባለሜትሩ በወንበሩ ሲገፋ በሩ ጋ ወደ ሚስቱ ዘወር ብሎ "አዋረድሽኝ" አለ። እጇን ግን አልለቀቀም።

በትልቁ ሆስፒታል በድርብ በር ውስጥ ይዘውት ገቡና እሷ ውጪ ቀረች። ልብሱን በፌስታል ሰጧት። ኮሪደሩ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ እጇ ሥራ ስላጣ፣ ሱሪውን አውጥታ ትዳስስ ጀመር። ጣቷ ከኋላ በኩል፣ ቀበቶ ማሰሪያው ሥር፣ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ገለበጠችው። ስፌቱ የሷ አይደለም። በእጅ የተሰፋ፣ የሚወላገድ፣ ክሩም ሌላ ቀለም፤ ቆራጭ ሰው መርፌ ሲይዝ የሚሰፋው ዓይነት። እሷ ሳታየው ራሱ ፈትቶ ለቆታል። አንዴም አይደለም፤ የድሮው መርፌ ቀዳዳዎች ሁለት መስመር ሆነው ይታያሉ። እሷ ሁልጊዜ ወደፊት ለመልቀቂያ ብላ ውስጡ የምታስቀረው ትርፍ ጨርቅ ነበር። ፈለገችው። አልነበረም። እስከ ጠርዙ ድረስ ለቆ ጨርሶታል፤ ከዚህ ወዲያ የሚለቀቅ አንድ ክር እንኳ አልተረፈም።

ሱሪውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዳቦ ጋጋሪው አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ዳቦ በእጁ ይዟል፤ ሊሰጣት አምጥቶ መስጠቱን ረስቶታል።

ድርብ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። ሌላ ሰው ይጠራል፤ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ወጥቶ "የባለሜ… የልብስ ሰፊው ባለቤት?" አለ፤ ውስጥ ሆኖ ስሙን ሲጠይቁት የሰፈሩን ነግሯቸው ኖሯል። አንዱ የልብ ደም ሥር ሊደፈን ጥቂት ነበር የቀረው፤ በእጁ አንጓ በኩል ገብተው ከፍተውታል፤ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርግ ነገርም አስገብተዋል። "በሚቀጥለው ሳምንት ቢሆን ኖሮ…" ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ አልጨረሰውም። "ገና አላለፈም። ሌሎቹም ደም ሥሮች ደህና ናቸው አልልሽም። ሲጋራ፣ ጨው፣ ጮማ፣ ሁሉም ይቀራል። መድኃኒቱ ቢያልቅ ይተካል እንጂ አይቆምም።"

ገና አላለፈም። ይህን ይዛ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው፤ ይህን ይዛ ነው እስከ ዛሬ ያለችው።

ባለሜትሩ ሱቁ ከተመለሰ ቆይቷል። ዳቦ ጋጋሪው የምድር ቤቱን አንድ ጥግ ለቆላቸው ደረጃው ቀርቷል፤ "ኪራዩን በሁለት ጣት ቀንሼላችኋለሁ" ይላል፤ ነገሩን አገር ሰምቶታል። ለደንበኞቹ ቁጥር የሚጠራው እንደ ድሮው ነው፤ ይሉኝታ በአንድ ቀን አይለቅም። ለሷ ግን የሚነግራት እንዳለ ነው። ወገቡን በየወሩ እሷ ትለካዋለች፤ እሱ ሜትሩን አይነካም። ግፊቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ሌሊት ደረቱን ጫን እንዳለው፣ ዳገቱን ሲወጣ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ሁሉንም ይነግራታል። አንዳንዴ ባይነግራት ትመርጥ ነበር። የማታውቀውን ስትፈራ የኖረች ሴት፣ አሁን የምታውቀውን ትፈራለች፤ የሚታወቀው ደግሞ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ጠዋት ጠዋት ከክኒኑ ጋር ይመጣል።

መጋረጃው እዚያም አለ። ከወዲያ መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከወዲህ መኪናዋ ትከተላለች። መቀሱ ቀጥ ሲል እግሯ ይነሳል፤ ይህን ልማድ ሐኪምም አላዳነውም። ባለሜትሩ ታዲያ የመኪናዋ ድምፅ ሲቋረጥ ይሰማና ከወዲያ ሆኖ ይጠራል፦

"አለሁ!"

እግሯ ይወርዳል፤ ስፌቱ ይቀጥላል።

በቀደም መቀሱ ቆመ። እግሯ ተነሳ። ጠበቀች። ድምፅ የለም። ጠመኔው በእጇ ላይ ተሰበረ። መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች፤ ከዘረጋችው በኋላ ግን መግለጥ ፈራች፤ ጣቶቿ ጨርቁን እንደ ጨበጡ ቀሩ።

"አለሁ" አለ ከወዲያ፤ ድምፁ ቅርብ ነው፣ መጋረጃውን በሌላ በኩል ይዞ እንደ ቆመ ሰው። "ትንሽ ጫን አለኝና ቁጭ ብዬ ነበር። አሁን ለቀቀኝ።"

"ምን ያህል ነው የጫነህ?"

ሲያስብ ትንፋሹን ትሰማዋለች።

"ሳልቀንስ?" አላት።

"ሳትቀንስ።"

"እንግዲያው መኪናሽን ተዪና ነይ" አለ። "አብረን ሐኪም ቤት እንሂድ።"